አዲሱ ሕመም ከመድኃኒቱ ይሆን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መድኃኒት እየወሰዱ ሳለ ከዚህ በፊት የማያውቁት ሕመም ሲሰማዎት፣ ሌላ በሽታ ያዘኝ ከማለትዎ በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት ይጠርጥሩ። ይህ ገጽ የተዘጋጀው በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ፣ በመንዝ፣ በመርሐቤቴ፣ በይፋትና በምንጃር ለሚኖሩ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የቲቢ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የሌላ ሕመም መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎችና ለአስታማሚዎቻቸው ነው። ምርመራን አይተካም። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ግን ምን ይዘው መሄድ እንዳለብዎ ይነግርዎታል።

ሕመሙ ከበሽታው ይሁን ከመድኃኒቱ በምን ይለያል?

ከሁሉ በፊት በቀን ነው። መድኃኒቱ መቼ ተጀመረ? ሕመሙስ መቼ? ሕመሙ ከመድኃኒቱ በፊት የነበረ ከሆነ መድኃኒቱ ነጻ ነው ማለት ይቻላል። ከመድኃኒቱ በኋላ የመጣ ከሆነ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ብዙ ይናገራል። ከባድ አለርጂ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ይመጣል። የቆዳ ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል። የግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል የሚያመጣው ሳል ለመጀመር ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን የሚያመጣው የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ግን ዓመታትን ይፈልጋል። ስለዚህ «ይህን ክኒን ዓመት ሙሉ ወስጄው ምንም አላደረገኝም» የሚለው ክርክር ሁልጊዜ አያስኬድም።

ለዓመታት የተስማማ መድኃኒትም አንድ ቀን ሊጎዳ ይችላል። ይህ የሚሆነው ከዙሪያው የተለወጠ ነገር ሲኖር ነው፤ መጠኑ ሲጨመር፣ ሌላ መድኃኒት ሲደረብ፣ ኩላሊት ሲደክም፣ ሰውየው ሲከሳ፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ውኃውን ሲያሟጥጠው፣ ጾም ሲገባ። ከደጋ ወደ ቆላ መውረድም ከእነዚህ ይቆጠራል። በደብረ ብርሃን ብርድ የተስማማው የግፊት ክኒን፣ በተለይ ሽንት የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሰውየው ለሥራ ሸዋ ሮቢት ወርዶ በሙቀት ሲያልበው ብድግ ባለ ቁጥር ሊያዞረው ይችላል። ክኒኑ ያው ነው፤ በሰውነቱ ውስጥ የቀረው ውኃና ጨው ግን አንሷል።

ከቀኑ ቀጥሎ ሦስት ነገሮች ይጠየቃሉ። መድኃኒቱ እንዲህ ያለ ነገር በማምጣት ይታወቃል ወይ? ሲቆም ወይም ሲቀነስ ሕመሙ ይሻላል ወይ? ይህን ሕመም ሊያመጣ የሚችል ሌላ ምክንያት አለ ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ እንዳይረሳ፤ መድኃኒትን መጠርጠር ማለት ሌላውን ሁሉ መተው ማለት አይደለም።

መድኃኒቶቼን እንዴት አድርጌ ልጻፍ?

አንድ ወረቀት ይበቃል። በየመስመሩ የመድኃኒቱን ስም፣ በሚሊግራም የተጻፈውን መጠን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወስዱት፣ የተጀመረበትን ቀንና የተቀየረበትን ቀን ይጻፉ። ከታች ደግሞ ሕመሙን፣ የጀመረበትን ቀን፣ በቀኑ የትኛው ሰዓት እንደሚብስ። ቀኑ ካልታወሰ በበዓል ይያዙት፤ «ከጥምቀት በኋላ»፣ «ፍልሰታ ሲገባ»፣ «ልጁ ክርስትና በተነሣ ሳምንት» የሚል መረጃ ከምንም ይሻላል፤ ሐኪሙም ሊሠራበት ይችላል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ስሙ ላይ ነው። በፋርማሲ ክኒኑ የታሸገበት ስትሪፕ በመቀስ ተቆርጦ ሲሰጥ ስሙና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ በቀሪው ቁራጭ ላይ ይቀራል፤ በእጅዎ የሚገባው ስም የለሽ ክኒን ነው። ሳይወጡ በፊት ስሙንና መጠኑን በፖስታው ላይ እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። ይህ መብትዎ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ አንዱን መድኃኒት በሁለት ስም መውሰድ ነው። አምሎዲፒንና ኖርቫስክ አንድ ናቸው። ግሊቤንክላማይድና ዳኦኒል አንድ ናቸው። ዳይክሎፌናክና ቮልታረን፣ ፉሮሴማይድና ላሲክስ፣ ፓራሲታሞልና ፓናዶልም እንዲሁ። አንዱ ከጤና ጣቢያ፣ ሌላው ልጅ ከአዲስ አበባ የላከው ሲሆን እናት ሁለቱንም ይውጣሉ፤ መጠኑ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በቀለምና በቅርጽ መለየት አይቻልም፤ የተለያዩ ፋብሪካዎች ያንኑ መድኃኒት በተለያየ ቀለም ይሠሩታልና።

ሰዎች «መድኃኒት» ብለው የማይቆጥሯቸው ነገሮችም ይጻፉ። የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌና በክንድ የሚቀበር፣ የዓይን ጠብታ፣ የፊት ቅባት፣ ከሱቅ የሚገዛ የራስ ምታት ክኒን፣ ኮሶ፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ እንዲሁም ጠላና አረቄ። ለግላኮማ የሚሰጠው የቲሞሎል ጠብታ ከዓይን ወደ ደም ገብቶ የልብ ምትን ሊያዘገይና አስም ሊቀሰቅስ ይችላል። ፊት ለማቅላት የሚቀባው ቅባት ብዙ ጊዜ ውስጡ ጠንካራ ስቴሮይድ ስላለው ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ሲያቆሙት ደግሞ ፊትን ያቃጥላል። ኮሶ አጥብቆ ያስቀምጣል፤ የግፊትና የኩላሊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በተቅማጡ ብቻ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ሲበዛም ዓይንን ይጎዳል።

መጻፍ የሚያስቸግር ከሆነ ቀላሉ መንገድ ያለውን ሁሉ፣ ባዶ ስትሪፕና ጠርሙስም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዞ መሄድ ነው።

ደረቅ ሳል ወራት አስቆጠረ። ብርዱ ነው ብዬ ነበር።

የግፊት ወይም የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ? ስሙ በ«ፕሪል» የሚያልቅ ከሆነ (ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል) ጥርጣሬው ጠንካራ ነው። ሳሉ ደረቅ ነው፤ ጉሮሮን ይኮረኩራል፤ ሲተኙ ይብሳል፤ አክታና ትኩሳት የለውም። በሴቶች ላይ ይበዛል። ክኒኑ የሚያግደው ኢንዛይም የደም ሥርን የሚያጠብበውን ንጥረ ነገር ይሠራል፣ ብራዲኪኒን የሚባለውን ደግሞ ያፈርሳል፤ ኢንዛይሙ ሲታገድ ብራዲኪኒን ይጠራቀምና የመተንፈሻን ነርቭ ይቆሰቁሳል። ስለዚህ የሳል ሽሮፕም ሆነ አሞክሳሲሊን አያቆመውም። መጠኑን መቀነስም ብዙ አይረዳም። የሚረዳው በሐኪም ትእዛዝ ወደ ሌላ ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ ወደ ሎሳርታን፣ መቀየር ነው። ሳሉ ከተቀየረ በኋላ በ1 እስከ 4 ሳምንት ይጠፋል፤ እስከ 3 ወር የሚቆይበት ጊዜም አለ። በሦስተኛው ቀን አልጠፋም ብለው ተስፋ አይቁረጡ።

ነገር ግን በእኛ አገር ሳልን በክኒን ማሳበብ ብቻ አደገኛ ነው። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል፤ ኢናላፕሪል ቢወስዱም። በመንዝና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ኩበት እያነደዱ በተዘጋ ቤት የሚውሉ እናቶች ሳልም ሌላ መነሻ አለው። የኩበቱ ሳል ቤት ሲሆኑ ይብሳል፤ የክኒኑ ሳል ግን ሜዳ ላይም ገበያም ይከተላል።

ሳል ብቻ ሳይሆን ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ኢናላፕሪሉን ዳግመኛ ሳይውጡ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። ይህ የደረሰበት ሰው የዚህን ቤተሰብ ክኒን ዕድሜውን ሙሉ መውሰድ የለበትም።

እግሬ ማታ ማታ ያብጣል፤ የሽንት መድኃኒት ቢሰጠኝም አልጎደለም።

አምሎዲፒን ከሆነ የሚወስዱት፣ ላለመጉደሉ በቂ ምክንያት አለ። አምሎዲፒን ትንንሾቹን የደም ቅዳ ሥሮች ያሰፋል፤ ግፊቱም የሚወርደው በዚሁ ነው። ደም መላሾቹ ግን በዚያው ልክ ስለማይሰፉ ውኃው ወደ ሥጋው ይሰርጋል። ሰውነት ውስጥ ውኃ በዝቶ የመጣ እብጠት ስላልሆነ ማሸኛው አያገኘውም። እብጠቱ ሁለቱንም ቁርጭምጭሚት ይይዛል፣ ማታ ይብሳል፣ ሌሊት ተኝተው ሲነሡ ይቀንሳል፤ 10 ሚሊግራም በሚወስዱት ላይ 5 ከሚወስዱት ይልቅ ይበዛል።

በጣም የሚያሳስበን የሚቀጥለው ነው። ለእብጠቱ ፉሮሴማይድ ይሰጣል። ፉሮሴማይዱ ፖታሺየም ያወጣል፤ ሌሊት ባት ይሸማቀቃል፣ ጉልበት ይከዳል። ዩሪክ አሲድ ይጨምራል፤ የእግር አውራ ጣት በሪህ ያብጣል። ለሪሁ ዳይክሎፌናክ ይሰጣል። ዳይክሎፌናኩ ጨውና ውኃ ይይዛል፤ ግፊቱ እንደገና ይጨምራል፣ እግሩም ያብጣል። አሁን ሰውየው ሦስት መድኃኒት ይወስዳል፤ ሁሉም የተጀመረው ከአንድ ክኒን ነው። እንዲህ ያለው ሰንሰለት የሚበጠሰው ከመጀመሪያው ነው፤ አምሎዲፒኑን ከ10 ወደ 5 መቀነስ፣ ወይም መቀየር፣ ወይም እንደ ሎሳርታን ያለ አጋዥ መጨመር። ውሳኔው የሐኪም ነው፤ «እብጠቱ አምሎዲፒን ከተጨመረ በኋላ የመጣ ነው» ብሎ መንገር ግን የእርስዎ ድርሻ ነው።

አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከቀላና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ። ጠፍጣፋ ተኝተው መተንፈስ ካቃተዎት ልብ፣ ፊትዎ ጠዋት ጠዋት ካበጠ ኩላሊት ይመረመራል። በባዶ እግራቸው ቀይ አፈር ሲረግጡ ያደጉ ሰዎች የሚይዛቸው ዝሆኔም በደጋው አለ፤ እሱ ቀስ እያለ ዓመታት የሚወስድ፣ ቆዳውን የሚያወፍርና የሚያሻክር፣ ሌሊት ተኝተው ቢነሡ የማይመለስ ነው።

በጾም ወቅት ረፋድ ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበኛል። መንፈሳዊ ነገር ነው ይሉኛል።

ለስኳር ሕመም ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ይህ የስኳር መውረድ ነው ብለው ይነሡ። ግሊቤንክላማይድ በልተውም ሳይበሉም ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያፈስ ያዘዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ውጠው እስከ 9 ሰዓት ከጾሙ፣ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ስኳሩ ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ትርታ፣ ረሃብ፣ ብስጭት፣ ቀጥሎም ግራ መጋባትና ያልተለመደ ንግግር ይመጣል። ቤተሰብ ጠባዩ ተለወጠ ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። በባዶ ሆድ ጠበል ለመጠጣት ማልደው የሚወጡም እንዲሁ ያገኛቸዋል።

ማድረግ ያለብዎ ይህ ነው። መለኪያ ካለ ይለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ ስኳሩ ወርዷል። መለኪያ ከሌለ አይጠብቁ። 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ አሟምተው ይጠጡ፤ 15 ደቂቃ ጠብቀው ካልተሻለ ይድገሙ፤ ሲሻልዎት ምግብ ይብሉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይጨመር፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ግሊቤንክላማይድ እስከ 24 ሰዓት ስለሚሠራ፣ ስኳር ቀምሶ የነቃ ሰው ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊወድቅ ይችላል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ለግፊትና ለልብ የሚሰጡትን ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል አብረው የሚወስዱ ሰዎች መንቀጥቀጡና የልብ ትርታው ላይሰማቸው ይችላል፤ የሚቀራቸው ምልክት ላብ ብቻ ነው። አረቄም ጉበት ስኳር እንዳያወጣ ስለሚከለክል ነገሩን ያብሰዋል። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድመው ሐኪምዎን «የምጾመው እስከዚህ ሰዓት ነው» ይበሉት፤ ሰዓቱንም መጠኑንም ማስተካከል ይቻላል። ለንስሐ አባትዎም ሕመምዎን ያስረዱ፤ ሕመምተኛ የሚጾምበትን መንገድ ይነግርዎታል።

እግሬ ሥር ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛል።

እዚህ ላይ ቢያንስ አራት ተጠርጣሪ አለ።

የቲቢ መድኃኒት ወይም የቲቢ መከላከያ የሚወስዱ ከሆነ አይሶናያዚድ ነው። ቫይታሚን ቢ6ን ያሟጥጣል፤ ከጣቶች ጀምሮ ካልሲ እንዳጠለቁ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። ለመከላከል በቀን ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም ፒሪዶክሲን (ይኸው ቢ6) ይሰጣል፤ ነፍሰ ጡር፣ የስኳር ሕመምተኛ፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለ፣ አብዝቶ የሚጠጣና የተጎሳቆለ ሰው ይበልጥ ያስፈልገዋል። አንዴ ከጀመረ ሐኪሙ መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። የቲቢ መድኃኒቱን ግን በዚህ ምክንያት አያቋርጡ።

ለዓመታት ሜትፎርሚን የወሰዱ ከሆነ የቢ12 እጥረት ይጠረጠራል። ቢ12 ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሚገኝ አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾሙ ሰዎች ክምችታቸው ቀድሞም ቀጭን ሊሆን ይችላል። የስኳር በሽታ ራሱም እግርን ያደነዝዛል፤ ሁለቱ በስሜት አይለዩም፤ የደም ምርመራ ነው የሚለያቸው። «የስኳር ነገር ነው» ተብሎ ቢ12 ሳይታይ መቅረቱ ያሳዝናል፤ የቢ12ቱ በመርፌ ወይም በክኒን የሚታከም ነውና።

አራተኛው ጓያ ነው። በሞረትና ጅሩ፣ በእንሳሮና በመሳሰሉት የሚበቅለውን ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ያደረገ ሰው እግሩ ይደርቃል፣ ጉልበቱ ይተሳሰራል፣ በጣቱ ይረግጣል። ጓያ የሰበረው ሰው ግን አይደነዝዘውም፤ ሲነኩት በደንብ ይሰማዋል። መደንዘዝና ማቃጠል ካለ ወደ መድኃኒቱና ወደ ስኳሩ ይመለሱ።

ልጄ ማስመለሱ እንዲቆምላት መርፌ ከተወጋች በኋላ አንገቷ ዞረ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ።

ይህ ብዙ ቤተሰብ ያስለቀሰ ነገር ነው፤ ዛር ወይም ቡዳ ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲታገሉ ያድራሉ። ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙዎች ፕላዚል የሚሉት፣ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚንን ስለሚያግድ በልጆችና በወጣቶች ላይ፣ በተለይ በልጃገረዶች፣ እንዲህ ያለ የጡንቻ መጨበጥ ሊያመጣ ይችላል። አንገት ይጣመማል፣ መንጋጋ ይቆለፋል፣ ምላስ ይወጣል፣ ዓይን ወደ ላይ ይተከላል። ልጅቷ ግን ትሰማለች፣ ታውቃለች፤ ከሚጥል በሽታ የሚለየው ይህ ነው። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም ያመጣዋል። አብዛኛው የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ነው።

ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት፤ የተወጋችውን ወይም የዋጠችውን መድኃኒት ስም ይንገሩ። ማርከሻው በመርፌ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ትፈታለች። ከዚያ በኋላ የመድኃኒቱ ስም በካርዷ ላይ ይጻፍ።

ሽንቴ ቀላ። መጨነቅ አለብኝ?

የቲቢ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብን፣ እንባንም ብርቱካናማ ቀይ ያደርጋል፤ ጉዳት የለውም። (ሪፋምፒሲን የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንንና በክንድ የሚቀበረውን ያደክማል፤ ይህን ሳይነገራቸው ያረገዙ ሴቶች ስላሉ እዚሁ እንናገረው።) ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረና ዓይን ቢጫ ከሆነ ግን የቲቢ መድኃኒቱ ጉበትን እየጎዳ ሊሆን ይችላል። «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ወደ ቅጠል መሄድ እዚህ ላይ ሕይወት ያስከፍላል። ክኒኑን ሳይውጡ በዚያው ቀን ወደ ሕክምናው ክፍል ይሂዱ።

የወባ መድኃኒት ፕሪማኪን ጀምረው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽንት ከጠቆረ፣ ፊት ከነጣና ድካም ከበረታ፣ ቀይ የደም ሕዋሳት እየፈረሱ ነው። ይህ በዘር የሚወረስ የኢንዛይም እጥረት ባለባቸው ሰዎች ላይ ይደርሳል። ክኒኑን አቁመው ወዲያው ይታዩ።

ክሎሮኪን ስወስድ ገላዬ ሁሉ ያሳክከኛል። አለርጂ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ከቆላ ወባ ይዘው ተመልሰው ክሎሮኪን በተሰጣቸው ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ በመጀመሪያው ቀን ይጀምርና በ2 ወይም 3 ቀን ይተዋል። ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታከለበት ግን አለርጂ ነው።

ለወገብ የምወስደው ክኒን ጨጓራዬን ነካው ይሉኛል።

ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን የጨጓራን መከላከያ ንፍጥ ያሳሳሉ። ጨጓራው ሳያምም በቀጥታ የሚደማበት ጊዜ ስላለ «ሆዴን አላመመኝም» ማለት ዋስትና አይደለም፤ መርፌውም ቢሆን ያው ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው በደም በኩል ነውና። ሰገራ ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ከተጣበቀና ከከረፋ ደም ነው። የደም ማነስ ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ሰገራም ይጠቁራል፤ ያ ግን አይጣበቅም፣ እንዲያ አይከረፋም። ኢናላፕሪልና የሽንት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዳይክሎፌናክ ከጨመረበት ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ለአዋቂ በቀን ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ሳያልፍ፣ ጉበት ለታመመና አብዝቶ ለሚጠጣ ደግሞ ከዚያ ባነሰ።

ከጠረጠርኩ ራሴ ላቁመው?

እንደ መድኃኒቱ ነው፤ ለሁሉም አንድ መልስ የለም።

በራስዎ በፍጹም የማይቆሙ አሉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ በተለይ ፌኖባርቢታል፣ በድንገት ሲቆም የማያባራ መንዘፍዘፍ ያስነሣል። ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል በድንገት ሲተዉ የልብ ሕመምን ይቀሰቅሳሉ። ከ3 ሳምንት በላይ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን ቀስ እየተባለ ነው የሚወርደው፤ ሰውነት የራሱን ማምረት አቁሟልና። ኢንሱሊን፣ የኤችአይቪና የቲቢ መድኃኒትም እንዲሁ። ወደ ፃድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ለጠበል የሚሄዱ ከሆነ የሚቆዩበትን ቀን ቆጥረው፣ የሳምንት ትርፍ ጨምረው መድኃኒቱን ይያዙ። ጠበሉም ክኒኑም አብረው ይሄዳሉ፤ ከጠበል ቦታ በመንዘፍዘፍ የሚመለሱ ሰዎችን ያየ ሁሉ ለምን አጥብቀን እንደምንናገር ይገባዋል።

የሚቀጥለውን ክኒን ሳይውጡ በቀጥታ የሚኬድባቸው ምልክቶች ደግሞ እነዚህ ናቸው፦

- የፊት፣ የከንፈር ወይም የምላስ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር
- ሽፍታ ከትኩሳት ጋር፣ ውኃ የቋጠረ ወይም የሚላጥ ቆዳ፣ የአፍ፣ የዓይን ወይም የብልት ቁስል (ኮትራይሞክሳዞል፣ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና አሎፑሪኖል ላይ ይጠንቀቁ)
- የዓይን ቢጫ መሆን
- የእንቅርት መድኃኒት ፕሮፒልታዮዩራሲል እየወሰዱ ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስል፤ ነጭ የደም ሕዋስ ማለቁ ሊሆን ይችላል
- ኢታምቡቶል እየወሰዱ የዓይን መደብዘዝ ወይም ቀይና አረንጓዴ መምታታት
- ሬንጅ የመሰለ ሰገራ ወይም ደም ማስመለስ

ከእነዚህ ውጭ ለሆነው፣ ለሳሉም ለእግሩም፣ ቀጠሮ እስኪደርስ መጠበቅ ሳይሆን ቀጠሮውን ማቅረብ ነው።

ሐኪሙ ቅር አይለውም?

«መድኃኒትህ ጎዳኝ» ብለው ከጀመሩ ሊከላከል ይችላል። ቀኑን ያስቀድሙ፤ «ዶክተር፣ ይህ ሳል የጀመረኝ ኢናላፕሪል በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ከእሱ ሊሆን ይችላል?» ይበሉ። ክኒን መውሰድ ያቆሙ ከሆነ ደግሞ አይደብቁ። ግፊቱ የጨመረው ክኒኑ ስለተተወ መሆኑን ካላወቀ ሌላ ክኒን ይጨምርብዎታል።

ሐኪም ጋ ለመድረስ ሩቅ ከሆነ ፋርማሲስት ይጠይቁ። ሁለት መድኃኒቶች ይጣሉ እንደሆነ ማየት የሠለጠነበት ሥራው ነው፤ ብዙ ሰው ግን መስኮቱ ላይ ገንዘብ ሰጥቶ ብቻ ይመለሳል። በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ወረቀቱን አይታ ወደ ጤና ጣቢያ ልትልክዎ ትችላለች።

መድኃኒቱ መሆኑ በምን ይረጋገጣል?

ሐኪሙ አንድ በአንድ ይለውጣል። ሁለት መድኃኒት በአንድ ቀን ከቆመ የትኛው እንደነበር አይታወቅም። ካቆመ በኋላ ስንት ጊዜ መጠበቅ እንዳለበት በመድኃኒቱ ይወሰናል፤ ለአምሎዲፒን እብጠት ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ ለሳሉ ከላይ የተጠቀሰው። ሐኪሞች ጥርጣሬውን በነጥብ የሚለኩበት ናራንጆ የሚባለው መመዘኛ በ1981 በፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ ሲሆን 10 ጥያቄዎች አሉት። ሕመሙ ከመድኃኒቱ በኋላ ከመጣ 2 ነጥብ፣ ሲቆም ከተሻለ 1፣ ሲደገም ከተመለሰ 2፣ ሌላ ምክንያት ካለ ደግሞ 1 ይቀነሳል። ከ1 እስከ 4 «ሊሆን ይችላል»፣ ከ5 እስከ 8 «ሳይሆን አይቀርም»፣ 9 እና ከዚያ በላይ «እርግጠኛ» ይባላል።

መድኃኒቱን እንደገና መሞከር ግን ሽፍታ፣ እብጠት ወይም የጉበት ጉዳት ላመጣ መድኃኒት በቤት አይታሰብም። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው የከፋ ነው የሚሆነው።

ከተረጋገጠ በኋላስ?

የመድኃኒቱ ስም፣ ያደረሰው ጉዳትና ዓመተ ምሕረቱ በሕክምና ካርድዎ ሽፋን ላይ በቀይ ይጻፍ። በሌላ ወረቀትም ጽፈው ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙ፤ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ወደ ደብረ ብርሃን ሲላኩ ካርዱ ወደኋላ ሊቀር ይችላል። ልዩነቱንም ያስጽፉ። በፔኒሲሊን ሆድዎን የነካዎት ከሆነ «አለርጂ» ተብሎ አይጻፍ፤ ዕድሜዎን ሙሉ ጥሩ መድኃኒት ያሳጣዎታል።

ጉዳቱ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዲመዘገብ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ይጠይቁ፤ የሚሞላ ቢጫ ቅጽ አለ። ራስዎ በነጻ የስልክ መስመር 8482 መደወልም ይችላሉ። ሲደውሉ የመድኃኒቱ ስም፣ የአምራቹ ስም፣ የምርት መለያ ቁጥሩ፣ የተጀመረበትና ሕመሙ የመጣበት ቀን ይጠየቃሉ። ቁጥሩ ያለው በማሸጊያው ላይ ስለሆነ፣ ሕመሙ እስኪጣራ ማሸጊያውን አይጣሉት።